ደብረ ብርሃን ላይ የአየር ሁኔታ መለኪያው የት ይተከል? ከጥያቄው እስከ 24ኛው መልስ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ዳርቻ ነው። ጠያቂው የሙቀት፣ የእርጥበት፣ የዝናብ፣ የነፋስ ፍጥነትና የነፋስ አቅጣጫ ሴንሰሮችን በአንድ አካል የያዘ ገመድ አልባ መለኪያ ይዟል። ግቢው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 20 ሜትር፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 14 ሜትር ነው። በደቡብ በኩል እስከ ጣሪያው ጫፍ 3 ሜትር ተኩል የሚሆን የቆርቆሮ ቤት አለ። በምዕራብ ጫፍ 10 ሜትር ገደማ የደረሱ ባህር ዛፎች ተደርድረዋል። በሰሜን በኩል 1 ሜትር ከ20 ከፍታ ያለው የድንጋይ አጥር ነው፤ ከቤቱ ፊት እስከ አጥሩ 8 ሜትር ሣር አለ። ከአጥሩ ወዲያ ቁልቁል የሚወርድ የባቄላና የገብስ ማሳ ነው። ማወቅ የፈለገው ሁለት ነገር ነው፦ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ የሚጥልባቸውን ሌሊቶችና የበልጉን፣ የክረምቱን የዝናብ መጠን። የዕቃው መመሪያ ከሰሜን ግድግዳና ከጣሪያ አንዱን ምረጥ ስለሚለው የትኛው እንደሚሻል ጠየቀ።

ይህ ጥያቄ ከሰሜን ሸዋ ደጋ ደጋግሞ ይነሳል። የዚህ ክር (በመድረኩ ላይ በአንድ ጥያቄ ሥር የተደረገው ውይይት) መልሶች ደግሞ ከመመሪያው የሚበልጥ ነገር ስላላቸው በተራቸው አስቀምጣቸዋለሁ።

1ኛው መልስ ትህትና ያልተለየው ነበር፤ ጠያቂውን አመስግኖ የተለመዱትን ልኬቶች ሰጠ። የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር ከአጭር ሣር በላይ ከ1 ሜትር ከ25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ፣ አየር በሚያሳልፍ ነጭ መከለያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከቤት ቢያንስ የቤቱን ቁመት እጥፍ፣ ከተቻለ አራት እጥፍ ይርቃል። የዝናብ መለኪያ አፉ ከመሬት ከግማሽ ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ዛፍም ሆነ ግድግዳ ከመለኪያው አፍ በላይ ባለው ቁመት ሁለት እጥፍ መራቅ አለበት። የነፋስ መለኪያ 10 ሜትር ከፍታ ይፈልጋል፤ ዙሪያውን ካለ ነገርም የቁመቱን አሥር እጥፍ።

2ኛው መልስ ልኬቱን በጠያቂው ግቢ ላይ አሰላው፤ እንዲህ ያለው መልስ ከአሥር አጠቃላይ ምክር ይበልጣል። መለኪያው 1 ሜትር ተኩል ላይ ቢቆም ባህር ዛፉ ከአፉ በላይ 8 ሜትር ተኩል ነው፤ ሁለት እጥፉ 17 ሜትር። ስለዚህ ቦታው የግቢው ምሥራቅ ጫፍ ብቻ ነው፣ ከዛፎቹ 17 ሜትር ተኩል ገደማ። ከቤቱ ለዝናብ 4 ሜትር ይበቃል፤ ለሙቀት ግን 7 ሜትር ያስፈልጋል። 7 ሜትር ከተኬደ ደግሞ መለኪያው ቀን ሙቀት ወደሚይዘው የድንጋይ አጥር ይጠጋል። ከቤቱ 5 ሜትር ተኩል፣ ከአጥሩ 2 ሜትር ተኩል የሚለውን መካከለኛ ቦታ መረጠ።

3ኛው ግቢው ሰፊ ላልሆነ ሰው ጣሪያው አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። 4ኛው በአራት ምክንያት አይሆንም አለ። ቆርቆሮ በፀሐይ ጊዜ ከአየሩ እጅግ ይግላል። ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የቀኑ ከፍተኛም የሌሊቱ ዝቅተኛም ሁለቱም ይዛባሉ፤ ውርጭ ለሚጠብቅ ሰው ሁለተኛው ይብሳል። ዝናቡ ከቆርቆሮው እየፈናጠረ ወደ መለኪያው ይገባል። ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጠው ደግሞ የዝናብ መለኪያው ሚዛን (ውሃ ሲሞላ እየተገለበጠ ዝናቡን የሚቆጥረው ክፍል) ያለ ዝናብ ይገለበጣል፤ በበጋ ደረቅ ቀን 0.4 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያሳይ ጣሪያ ላይ የተተከለ መለኪያ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ክሩ የሞቀው በ5ኛው መልስ ነው። ከሰላ ድንጋይ ከተማ የጻፈ ሰው መመሪያው ትክክል ነው፣ ሰሜን ግድግዳ ፀሐይ አያገኘውም፣ እዚያ ሰቅሎ መገላገል ነው አለ። 6ኛው በአክብሮት አረመው፤ በክሩ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው መልስም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። መመሪያው የተጻፈው የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምትታይበት አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ 7 ገደማ እስከ ነሐሴ 22 ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት በስተ ሰሜን ናት። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ደግሞ ፀሐይ የምትወጣውም የምትጠልቀውም ወደ ሰሜን ባጋደለ አቅጣጫ ስለሆነ ጠዋትና ማታ ሰሜኑን ግድግዳ ታገኘዋለች። ግንቦት ሞቃትና ብዙ ጊዜም ጥርት ያለ ወር ነው፤ ያኔ ሰሜን ግድግዳ ላይ ያለ ሴንሰር ከአየሩ በላይ የሆነ ቁጥር ያሳያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ነገሩ ይገለበጥና ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ጥላ ይሆናል። አንድ ዓመት ሙሉ የተመዘገበ ቁጥር በግማሹ በፀሐይ፣ በግማሹ በጥላ የተለካ ከሆነ ወርን ከወር ማወዳደር አይቻልም።

ይኸው ሰው ስለ መለኪያው ፀሐይ ሰሌዳም ጨመረ። በደቡብ አቅጣጫ ቀና ተደርጎ የሚተከል ሰሌዳ በክረምት ደመናም የፀሐይ ወደ ሰሜን ማለፍም ተደራርበውበት ባትሪውን አይሞላም። እዚህ አገር ሰሌዳው አግድም ሊባል በሚችል ሁኔታ፣ አቧራና ውሃ እንዲወርድለት ብቻ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢያጋድል ይሻላል።

7ኛው የሰላ ድንጋዩ ሰው መልስ ነበር፤ አልተረታም። 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ካለ የሰኔ እኩለ ቀን ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ክፈፉ ከሥሩ 2 ሜትር ተኩል ያህል ያጠላል፤ ታዲያ የቱ ፀሐይ ነው ሴንሰሩን የሚያገኘው ብሎ ሞገተ። ስሌቱ ልክ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። 8ኛው ግን ከእርስዎታ ወደ አንተታ ወርዶ መጣበት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለ ክፈፉ ሥር እንደምትገባ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥላ ያለው ግድግዳም ቢሆን ግድግዳ መሆኑን ሳያገናዝብ ሰውን ያሳስታል ሲል ወቀሰው። የብሎኬትም ሆነ የጭቃ ግድግዳ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ይለቃል፤ በውስጥ ምድጃ ወይም ምጣድ ካለ ይብሳል። እዚያ ላይ የተሰቀለ ሴንሰር የሚለካው የቤቱን ትንፋሽ ነው፤ ባቄላው በውርጭ ሲመታ ሴንሰሩ 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ ሊቆም ይችላል። ቁም ነገሩ ትክክል ነው፤ ቃሉ ግን አላስፈላጊ ነበር፤ 9ኛው የአወያዩ ተግሣጽ ነው።

10ኛዋ ከመሐል ሜዳ ከተማ የጻፈች የእርሻ ባለሙያ ናት። እስካሁን የተባለው ሁሉ የአየሩን ሙቀት ነው፣ ውርጭ ግን ሣሩ ላይ ነው የሚወርደው ብላ ክሩን ወደ ጠያቂው ፍላጎት መለሰችው። ነፋስ በሌለበትና ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ቅጠሉ 1 ሜትር ተኩል ላይ ካለው አየር ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ዋናው መለኪያ 3 ዲግሪ እያለ አመዳዩ ነጭ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ሁለተኛ ሴንሰር ያስፈልጋል አለች። ውሃ የማያስገባውን፣ ብረት ሽፋን ያለውን ዲኤስ 18ቢ20 የተባለውን ሴንሰር መከረች፤ ስህተቱ በዚህ የሙቀት ክልል ከግማሽ ዲግሪ አይበልጥም። ሦስት ሽቦ አለው፤ በኃይሉና በመረጃው ሽቦ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይገባል። በሁለት ትናንሽ የሽቦ ባላዎች ላይ አግድም ተጋድሞ የሣሩን ጫፍ ያህል፣ ከመሬት 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ሌሊት መከለያ አይደረግለትም፤ ሰማዩን ማየት አለበት። ቀን ላይ የሚያሳየው ቁጥር ግን ፀሐይ ስለምታገኘው ዋጋ የለውም፤ ከማታ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ያለው ብቻ ይወሰዳል።

ከመትከል በፊት ያለውን ፍተሻም ጻፈችው። በረዶ ይደቅና በብርጭቆ እስከ አፉ ይሞላል፤ ክፍተቱን ብቻ የሚሞላ ትንሽ ውሃ ይጨመራል፤ ሴንሰሩ መሐል ገብቶ እየተማሰለ 10 ደቂቃ ይቆያል። ዜሮ ማሳየት አለበት፤ 0.4 ካሳየ 0.4 ከእያንዳንዱ ንባብ ይቀነሳል።

11ኛው የቦታውን ነገር አስፋው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፤ ዝቅተኛ ቦታ ላይና ከድንጋይ አጥር ላይኛ ጎን ይጠራቀማል። የጠያቂው አጥር ከግቢው ቁልቁል በኩል ነው፤ ስለዚህ አጥሩ ሥር ያለ ሴንሰር ግቢው ውስጥ የተገደበውን ብርድ ነው የሚለካው፤ ማሳው ሌላ ቁጥር አለው። የሣሩ ሴንሰር ከአጥሩ ወዲያ፣ ባቄላው ራሱ ባለበት፣ ያውም በማሳው ታችኛው ዳር ይሁን አለ። ገመዱ ረጅም ከሆነ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር በታች በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይቀበራል፤ ላይ የተተወ ገመድ የከብት እግር አይምረውም።

12ኛው ማንቂያውን 0 ዲግሪ ላይ ማድረግ ይበቃል አለ። 13ኛዋ የመሐል ሜዳዋ ባለሙያ ናት፤ እዚህ ላይ ቆጣ ብላ ጻፈች። ዜሮ ላይ የሚጮህ ማንቂያ ሰውየው ተነሥቶ ጭስ ለማጨስም ሆነ ውሃ ለመልቀቅ ጊዜ አይሰጠውም፤ ቅጠሉ ያን ጊዜ ተመቷል። ሣሩ ላይ ያለው 2 ዲግሪ፣ ዋናው መለኪያ ደግሞ 5 ዲግሪ ሲደርስ ይጩህ፤ ከዚያ ጥርት ባሉ ጥቂት ሌሊቶች ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ የራስን ግቢ ልዩነት ማወቅ ነው። ቁጣዋ ተገቢ ነበር፤ የአንድ ሌሊት ውርጭ አበባ የያዘ ባቄላ ይጨርሳል።

14ኛው ወደ ዕቃው መለሰን። ሁሉን በአንድ የያዘ መለኪያ ችግሩ የተሠራበት አኳኋን ነው፤ ነፋሱ 10 ሜትር፣ ሙቀቱ 1 ሜትር ተኩል፣ ዝናቡ ዝቅ ያለ ቦታ ሲፈልግ አንድ እንጨት ላይ ታስረዋል። ጠያቂው ውርጭና ዝናብ ነው የፈለገው፤ ስለዚህ 1 ሜትር ተኩል ላይ ይተከልና የነፋሱ ቁጥር የግቢው ነፋስ ብቻ እንደሆነ ይታወቅ። 15ኛው የግቢውን ነፋስ በ1.34 አባዝቶ የ10 ሜትሩን ማግኘት ይቻላል አለ፤ 16ኛው ወዲያው አስቆመው። በግልጽ ሜዳ ላይ 2 ሜትር ላይ ያለው ነፋስ የ10 ሜትሩ 0.75 ያህል መሆኑ እውነት ነው፤ ለመስኖ ስሌትም ይሠራበታል። ቤትና ባህር ዛፍ በከበበው ግቢ ውስጥ ግን ያ ቁጥር ትርጉም የለውም፤ ከባህር ዛፉ ጀርባ ያለው ነፋስ የሚሽከረከር ነፋስ ነው።

17ኛው አተካከሉን በዝርዝር የሰጠ የብረት ሠራተኛ ነበር፤ ያለ ብዙ ወሬ ጻፈው። 1 ኢንች ተኩል የጋልቫናይዝ ቱቦ፣ 2 ሜትር ከ10 ርዝመት፤ 60 ሳንቲ ሜትሩ ይቀበራል። ጉድጓዱ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ በላዩ ኮንክሪት። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ቱቦው በውሃ ልክ በሁለት ጎን ይታያል፤ መለኪያው ከተገጠመ በኋላ ደግሞ የዝናብ መለኪያው አፍ ላይ ውሃ ልክ ተቀምጦ እንደገና ይታያል። ያጋደለ መለኪያ የሚገለበጠው ሚዛን በአንዱ ጎን ቶሎ፣ በሌላው ዘግይቶ ስለሚወድቅ ቁጥሩ ይዛባል። የቱቦው አፍ ይደፈናል፤ ካልተደፈነ ነፋስ ሲነፍስ ያፏጫል፣ ተርብም ይገባበታል። የነፋስ አቅጣጫ ሴንሰሩን ለማስተካከል ሰሜንን በስልክ ኮምፓስ የሚያይ ሰው ከቱቦው 4 ሜትር ይራቅ፤ ብረቱ መርፌውን ይስበዋል። የሚሻለው ጥላ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ መሐል የምትሆነው 6 ሰዓት ከ22 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ እንደ ወሩ እስከ ሩብ ሰዓት ይለዋወጣል፤ ያኔ የቀጥ ያለ እንጨት አጭሩ ጥላ የሰሜንና የደቡብን መስመር ያሳያል። በታኅሣሥ ጥላው ወደ ሰሜን፣ በሰኔ ወደ ደቡብ መውደቁን ያልረሳ ሰው አይሳሳትም።

18ኛው የዝናብ መለኪያውን መፈተሻ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑ በመርፌ ይበሳል፤ ቂጡም አየር እንዲያስገባ በትንሹ ይበሳል። የመለኪያው አፍ 16 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው 400 ሚሊ ሊትር ውሃ በሲሪንጅ ተለክቶ ይሞላና ጠርሙሱ በአፉ ላይ ይዘቀዘቃል። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ቢያንስ 40 ደቂቃ መፍጀት አለበት፤ ከፈጠነ ሚዛኑ ሲገለበጥ የሚያመልጥ ውሃ ስለሚኖር ቁጥሩ ያንሳል። ሲያልቅ ማሳየት ያለበት 20 ሚሊ ሜትር ነው፣ በ0.2 ሚሊ ሜትር ሚዛን 100 ግልባጭ። አፉ 11 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውሃው 190 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከ95 በታች ካሳየ ከሚዛኑ ሥር ያሉት ሁለት ብሎኖች እኩል ወደ ላይ ይጠበቃሉ፤ ከ105 በላይ ከሆነ ወደ ታች ይላላሉ። ሩብ ዙር እያደረጉ ነው፤ ከዚያ በላይ ማዞር ያበላሻል።

19ኛው ከጣርማ በር የመጣ አጭር ማሳሰቢያ ነው። እዚያ ጉም ሲወርድ መለኪያው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይገለበጣል፤ ጠዋት ላይ 0.2 ወይም 0.4 ከታየ ጉም ወይም ጤዛ ነው ብሎ ጎን ላይ መጻፍ ነው። የባህር ዛፍ ቅጠል አፉን ስለሚደፍን በክረምት በየሳምንቱ ማየት፣ የሸረሪት ድር ሚዛኑን ስለሚይዘው ውስጡን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግም ጨመረ። በረዶ የጣለ ቀን ዝናቡ የሚመዘገበው በረዶው ሲቀልጥ ስለሆነ ሰዓቱ አይታመንም፤ የነጠረውም ስለሚጠፋ መጠኑ ያንሳል።

20ኛው የአየር ግፊቱን አነሣና ክሩ መንገድ ሳተ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ግፊቱ 720 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው፤ ከባሕር ወለሉ ግፊት ብዙ ስለሚያንስ ይህን ያዩ ዕቃው ተበላሽቷል ይላሉ። ግፊቱ በየቀኑ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ ከ2 እስከ 4 ሄክቶፓስካል ነው። ማሳያው ግን ይህን መውረድ እንደ ዝናብ ምልክት ቆጥሮ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የዝናብ ሥዕል ያወጣል፤ የተሠራው ለሌላ አገር ነውና ያን ሥዕል አለማመን ነው። 21ኛው ከዚህ ተነሥቶ በዚህ ግፊት ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ፣ ስለዚህ ሴንሰርን በፈላ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ መፈተሽ ስህተት እንደሆነ ጻፈ። ከዚያ ወደ ባቄላ ንፍሮ መቆየት፣ ወደ ግፊት ድስት ዋጋ ገባ፤ አወያዩ በ22ኛው መልስ ለዚያ ሌላ ክር ክፈቱ ብሎ ዘጋው።

23ኛው ከሸዋ ሮቢት ነው፤ እዚያ ጭንቀቱ ሙቀት እንጂ ውርጭ አይደለም። ነፋስ በሌለበት ቀትር ተራ መከለያ ራሱ ይግላል ብሎ ራሱ የሠራውን መከለያ አሠራር ሰጠ፦ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 8 ነጭ የአበባ ማሰሮ ሳህኖች፣ ላይኞቹ ሁለቱ ሳይበሱ የቀሩት መሐላቸው 8 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ በሦስት 6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያላቸው ዘንጎች ላይ በ2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይደረደራሉ። ሴንሰሩ ሳህን ሳይነካ መሐል ይንጠለጠላል። ባለ 12 ቮልት የኮምፒውተር ማራገቢያ ከላይ ገብቶ አየሩን ከታች ወደ ላይ ይስባል፤ የሞተሩ ሙቀት ወደ ሴንሰሩ እንዳይመለስ ከሴንሰሩ በኋላ መሆን አለበት። አቧራ የጠጣ ሳህን ነጭ አይደለምና በበጋ በየወሩ ይታጠባል።

24ኛውን የጻፈው ጠያቂው ራሱ ነው። ምሥራቅ ጫፍ፣ ከቤቱ 5 ሜትር ተኩል፣ 1 ሜትር ተኩል ከፍታ፤ የሣሩ ሴንሰር በማሳው ታችኛ ዳር፤ ማሳያው መስኮት አጠገብ፣ ቆርቆሮው ሞገዱን እንዳይዘጋው፤ ለብርዱ ሊቲየም ባትሪ፣ መብራት ሲጠፋ መዝገቡ እንዳይቋረጥ ለማሳያውም ባትሪ። ዕቃው ቀኑን የሚዘጋው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ ዝናቡን ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ቁጥር ጋር ለማወዳደር ሰዓቱን ምን እንደሚያደርግ ጠየቀ። እስካሁን የመለሰለት ስለሌለ እዚህ ልመልስለት፦ ጣቢያዎቹ ዝናቡን የሚያነቡት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ የአንድ ቀን ዝናብ ከትናንት 3 ሰዓት እስከ ዛሬ 3 ሰዓት ያለው ነው። ማሳያው የቀን መዝጊያ ሰዓትን ለመቀየር የሚፈቅድ ከሆነ 3 ሰዓት ላይ ይደረግ፤ ካልፈቀደ የየሰዓቱ መዝገብ ወጥቶ ከ3 እስከ 3 ይደመር።